ከአራቱ ባሕርያት እስከ አውታሮቹ፦ ስለ ፊዚክስ አንድነት የሚጻፉ መጻሕፍት እንዴት ይነበባሉ?

ስለ ስትሪንግ ቲዎሪ፣ መሠረታዊ ቅንጣቶች የሚርገበገቡ ጥቃቅን አውታሮች ናቸው ስለሚለው ንድፈ ሐሳብ፣ ለሰፊው አንባቢ የተጻፈ መጽሐፍ አንብቦ የጨረሰ ሰው ምን ይዞ ይነሣል? በሙከራ የተረጋገጠ እውቀት ነው? በሒሳብ የቆመ ግን ያልተፈተነ ሐሳብ ነው? ወይስ የጸሐፊው ተስፋ? ሦስቱም በአንድ መጽሐፍ፣ አንዳንዴም በአንድ አንቀጽ ውስጥ ተጎራብተው ይገኛሉ። ጥያቄው የፊዚክስ ሊቃውንትን ራሳቸውን ለዓመታት ሲያከራክር የኖረውም በዚህ ምክንያት ነው።

ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ፣ ቢቸና ወይም ሞጣ ተቀምጦ ለሚያነብ ሰው ጥያቄው የበለጠ ይከብዳል። በአማራ ክልል ሒሳብና ሳይንስ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ይሰጣሉ። የሁለተኛ ደረጃው ፊዚክስ በአብዛኛው በኒውተን ሕጎች፣ በኤሌክትሪክ፣ በሞገድና በአቶም ዙሪያ ይሽከረከራል። ከዚያ በላይ ያለውን፣ የተፈጥሮ ኃይሎች ሁሉ ከአንድ ምንጭ ይቀዱ እንደሆነ የሚጠይቀውን ክፍል፣ ብዙው ሰው የሚያገኘው ከትርጉም ጽሑፍ፣ በስልክ ከሚታይ ቪዲዮ ወይም እጅ በእጅ ከሚዞር የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው። ያነበበውን የሚያመሳክርበት ሁለተኛ ምንጭ በቅርቡ አያገኝም። ስለዚህ የትኛው አባባል ምን ያህል እንደተረጋገጠ መለየት ለእርሱ የንባቡ ዋና ሥራ ይሆናል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።

ጉባኤ ቤቱ የሚያውቀው አንድነት

ብዙውን ወደ ጥቂት የመመለስ ሐሳብ ለጎጃም እንግዳ አይደለም። ከቢቸና ብዙም የማትርቀው ዲማ ጊዮርጊስ በአማርኛ አንባቢ ዘንድ ይበልጥ የታወቀችው በ1958 ዓ.ም. በታተመው በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው፤ ደራሲውም በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጉባኤ ቤቶች የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የተማሩ ሰው ነበሩ። በአገሩ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የዓለም አፈጣጠር የሚነገረው ለቆጵሮሱ ኤጲፋንዮስ በሚሰጠው በአክሲማሮስ በኩል ነው። በስድስቱ ቀናት የተፈጠሩት ሥነ ፍጥረታት ሃያ ሁለት ሆነው ይቆጠራሉ። እሑድ ከተፈጠሩት ስምንቱ መካከል አራቱ ባሕርያት ይገኛሉ፤ እነርሱም መሬት፣ ውሃ፣ ነፋስና እሳት ናቸው። የሰው ሥጋም ከእነዚሁ ከአራቱ የተዋሐደ ነው።

ትምህርቱ በጥንቃቄ የሚይዘው አንድ ልዩነት አለ። አንዳንዱ ፍጥረት እምኀበ አልቦ ኀበ ቦ፣ ካለመኖር ወደ መኖር የመጣ ነው፤ ሌላው ግን ግብር እምግብር፣ ቀድሞ ከተፈጠረው የተገኘ ነው። ይህ ዕቃውን ከምንጩ የሚለይ ጠንካራ አስተሳሰብ ነው። ሆኖም የሚጠይቀው ነገሮች ከምን እንደተሠሩና በምን ቅደም ተከተል እንደመጡ ነው። የዘመናዊው ፊዚክስ አንድነት የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ ለየብቻ የተለኩ ሁለት ሕጎች በእርግጥ የአንድ ሕግ ሁለት ገጽታዎች ናቸው ወይ? ሁለቱ ጥያቄዎች ሲቀላቀሉ ምን እንደሚፈጠር በኋላ እንመለስበታለን።

በፊዚክስ በኩል የመጀመሪያው ታላቅ ድል የኒውተን ነው። በ1687 ባሳተመው መጽሐፍ ወደ መሬት የሚወድቅ ድንጋይና በሰማይ የምትዞር ጨረቃ ለአንድ ሕግ እንደሚገዙ አሳየ። ቀጥሎ በ1820 ኦርስቴድ የኤሌክትሪክ ጅረት የኮምፓስን መርፌ እንደሚያዞር አየ፤ በ1865 ማክስዌል ኤሌክትሪክን፣ ማግኔትንና ብርሃንን በአንድ ሥርዓት ሰበሰባቸው። የማክስዌል ሥራ ያለውን ከማስታረቅ አልፎ ማንም ያላየውን ሞገድ ተነበየ። ሄርትዝ በ1887 ያንን ሞገድ በላቦራቶሪ አመነጨው፤ የሬዲዮ ዘመን የተከፈተውም በዚያ ነው። «አንድነት» ተብሎ ለሚቀርብ ሐሳብ ሁሉ መለኪያው ይህ ነው፦ አዲስና ሊፈተን የሚችል ነገር ይወልዳል ወይ?

የተሳካውና የከሸፈው

አይንስታይን በ1915 የስበትን አዲስ ንድፈ ሐሳብ ካቀረበ በኋላ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ ሚያዝያ 1955፣ ስበትን ከኤሌክትሮማግኔታዊ ኃይል ጋር ለማዋሐድ ደክሟል፤ አልሆነለትም። በመካከሉ ካሉዛ በ1921፣ ክላይን በ1926 በሦስቱ የቦታ አቅጣጫዎችና በጊዜ ላይ አምስተኛ ዳይሜንሽን ቢጨመር ሁለቱ ኃይሎች በአንድ ሒሳብ ሊወጡ እንደሚችሉ አሳዩ። ክላይን ተጨማሪው ዳይሜንሽን በጣም ትንሽ ሆኖ ስለተጠቀለለ አይታየንም አለ። ዛሬ በየመጽሐፉ የምናነበው «የተሸሸጉ ዳይሜንሽኖች» ሐሳብ ሥሩ እዚህ ነው።

የተሳካው አንድነት ግን በሌላ አቅጣጫ መጣ። ግላሾው በ1961፣ ዋይንበርግ በ1967፣ ፓኪስታናዊው አብዱስ ሰላም በ1968 ባቀረቧቸው ሥራዎች ኤሌክትሮማግኔታዊው ኃይልና ደካማው የኑክሌር ኃይል አንድ ሆኑ። ሦስቱ በ1979 የኖቤል ሽልማት ተጋሩ፤ ንድፈ ሐሳቡ የተነበያቸው ደብልዩና ዚ የተባሉት ቅንጣቶች በ1983 ሰርን በተባለው የአውሮፓ የምርምር ማዕከል ተገኙ። ሰላም ለእኛም ሩቅ ሰው አይደለም። በ1964 በጣሊያን ትሪዬስቴ የመሠረተው ዓለም አቀፍ የቲዎሪ ፊዚክስ ማዕከል ኢትዮጵያውያንን ጨምሮ ለብዙ የታዳጊ አገር ፊዚክሰኞች የጥናት በር ሆኖ አገልግሏል።

ወዲያው የተከተለው እርምጃ ደግሞ ከሸፈ፤ በክብር ከሸፈ ማለት ይቻላል። ጆርጂና ግላሾው በ1974 ጠንካራውን የኑክሌር ኃይል ጨምረው ሦስቱን የሚያዋሕድ ንድፈ ሐሳብ አቀረቡ። ውብ ነበር፤ ፕሮቶን ከረጅም ዘመን በኋላ እንደሚፈርስም ተነበየ። በአሜሪካና በጃፓን ከምድር በታች ግዙፍ የውሃ ጋኖች ተሠርተው ተጠበቀ። ፕሮቶን አልፈረሰም። በ1996 ሥራ የጀመረው ሱፐር ካሚዮካንዴ ዛሬ የፕሮቶን ዕድሜ ቢያንስ 1 ከ34 ዜሮ ጋር የሚጻፍ ዓመት እንደሆነ ይናገራል። የመጀመሪያው ቅርጽ ውድቅ ሆነ፤ ውስብስብ የሆኑት ተከታዮቹ ግን እስካሁን አልተዘጉም። ለሰፊው አንባቢ የሚጻፉ መጻሕፍት ይህን ምዕራፍ በጥቂት መስመር ሲያልፉት ያሳዝናል። ሳይንስ ውበትን ምን ያህል እንደሚያከብርና የት ላይ እንደሚያቆመው ከዚህ የተሻለ ማሳያ የለም።

አውታሩና ምሳሌው

ስትሪንግ ቲዎሪ የተወለደው ለሁሉም ነገር መልስ ሊሆን ታስቦ አይደለም። በ1968 ቬኔዚያኖ የጠንካራውን ኃይል ግጭቶች የሚገልጽ ቀመር አገኘ፤ በ1970 ግድም ናምቡ፣ ኒልሰንና ሰስኪንድ ቀመሩ የሚገልጸው የሚርገበገብ አውታር መሆኑን ተረዱ። ለጠንካራው ኃይል የተሻለ ንድፈ ሐሳብ ሲገኝ አውታሩ ተተወ። በ1974 ሼርክና ሽዋርዝ ግን ከአውታሩ ርግብግቢቶች አንዱ የስበት ተሸካሚ ሊሆን የሚገባውን ቅንጣት እንደሚመስል ጠቆሙ። በ1984 ግሪንና ሽዋርዝ ንድፈ ሐሳቡን ያፈርሳል ተብሎ የተፈራው የሒሳብ ቅራኔ እንደሚጠፋ ሲያሳዩ ብዙ ወጣት ተመራማሪ ወደዚያው ጎረፈ። አምስት የተለያዩ ቅርጾች ነበሩ፤ በ1995 ዊተን አምስቱም ኤም ቲዎሪ ብሎ የጠራው የአንድ ጥልቅ ሥርዓት ገጽታዎች ሳይሆኑ እንደማይቀር አመለከተ። የዚያ ጥልቅ ሥርዓት ሙሉ ቀመር እስከ ዛሬ አልተጻፈም።

መጻሕፍቱ ይህን ሁሉ በቫዮሊን ያስረዳሉ። የእኛ ጸሐፊ በገናን ወይም ማሲንቆን ይመርጣል፤ ምርጫው ተገቢ ነው። አንድ አውታር በተለያየ መንገድ ሲርገበገብ የተለያየ ድምፅ እንደሚሰጥ ሁሉ፣ አንድ ዓይነት መሠረታዊ አውታር በተለያየ መንገድ ሲርገበገብ እኛ ዘንድ ኤሌክትሮን ወይም ኳርክ ሆኖ ይታያል ማለት ነው። ምሳሌው እስከዚህ ያደርሳል፤ ከዚህ በኋላ ግን ያሳስታል። የማሲንቆው ክር ከፈረስ ጭራ የተሠራ ነው፤ የንድፈ ሐሳቡ አውታር ከሌላ ነገር የተሠራ አይደለም። የማሲንቆው ድምፅ በአየር ይጓዛል፤ በንድፈ ሐሳቡ ግን «ድምፅ» የተባለው የቅንጣቱ መጠነ ቁስና ኤሌክትሪካዊ ሙል ነው። የማሲንቆው ክር በቦታ ውስጥ ተወጥሮ ይኖራል፤ ቦታና ጊዜ ራሳቸው ከአውታሮች ይወጡ እንደሆነ ግን ገና መልስ ያላገኘ ጥያቄ ነው።

በበገና ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። በገና አሥር አውታር አለው፤ ሱፐርስትሪንግ ቲዎሪም በአሥር ዳይሜንሽን ነው የሚቆመው፣ ዘጠኙ የቦታ አንዱ የጊዜ። የበገናው አሥር በትውፊታችን ከአሥርቱ ትእዛዛት ጋር ይያያዛል፤ የንድፈ ሐሳቡ አሥር ግን የሒሳብ ቅራኔ እንዲጠፋ የግድ የመጣ ቁጥር ነው። በመጀመሪያው የንድፈ ሐሳቡ ቅርጽ ቁጥሩ 26 ነበር፤ በኤም ቲዎሪ 11 ነው። ሁለቱን አሥሮች የሚያገናኝ ምንም ነገር የለም።

የመጻሕፍቱ ታሪክ፦ ከተስፋ ወደ ሙግት

ሆኪንግ በ1988 ያሳተመው «የጊዜ አጭር ታሪክ» በብዙ ሚሊዮን ቅጂ ተሽጦ ለዚህ ዓይነት ጽሑፍ ገበያ ከፈተ። ከዚያ በፊት በ1980 ሲናገር የቲዎሪ ፊዚክስ ፍጻሜ በዚያው ምዕተ ዓመት ሊታይ እንደሚችል ጠቁሞ ነበር፤ በ2002 ግን የመጨረሻ ቀመር ላይገኝ ይችላል ወደሚል አቋም ዞረ። የመጀመሪያውን ብቻ ያነበበ ሰው ግማሹን ሆኪንግ ነው የሚያውቀው።

የዋይንበርግ የ1992 መጽሐፍ ሌላ ነገር ያስተምራል። ስለ መጨረሻው ንድፈ ሐሳብ የጻፈው ቴክሳስ ውስጥ ሊሠራ ለታሰበው ግዙፍ የቅንጣት ማፋጠኛ ድጋፍ እየተሟገተ ነበር። የአሜሪካ ምክር ቤት ፕሮጀክቱን በጥቅምት 1993 ሰረዘው። ለሕዝብ የሚጻፍ ሳይንስ እውቀት ሲያካፍል ለበጀትም ሊከራከር እንደሚችል አንባቢ ማወቅ አለበት፤ ነውር የለበትም፣ ግን መታወቅ አለበት።

ሚቺዮ ካኩ በ1994፣ ብራያን ግሪን (ከ1984ቱ ግሪን ሌላ ሰው ነው) በ1999 የጻፏቸው መጻሕፍት የተስፋው ዘመን ከፍታ ናቸው። የግሪን መጽሐፍ በግልጽነቱ እስከ ዛሬ ተወዳዳሪ ያለው አይመስለኝም፤ ያልተፈተነውን ያልተፈተነ ብሎ በየቦታው ያሳስባልም። ችግሩ የአተራረኩ ግስጋሴ ነው፦ ኒውተን፣ ማክስዌል፣ አይንስታይን፣ ከዚያ አውታሩ። ቅደም ተከተሉ ራሱ ማስረጃ መስሎ ይሰማል። የፊተኞቹ በሙከራ ያገኙት ክብር ሙከራ ላላለፈው ይተላለፋል።

በ2006 ሙግቱ ወደ አደባባይ ወጣ። ሊ ስሞሊንና ፒተር ዎይት በአንድ ዓመት ሁለት የተቃውሞ መጻሕፍት አወጡ። የስሞሊን ቅሬታ በከፊል ማኅበራዊ ነው፦ አንድ የምርምር መስመር ቅጥሩንና ገንዘቡን ጠቅልሎ ያዘ ይላል። ዎይት ደግሞ ንድፈ ሐሳቡ ስሕተት ሊባል እንኳ የሚችልበት ደረጃ ላይ አልደረሰም ባይ ነው። ሳቢነ ሆሰንፌልደር በ2018 ክሱን አስፍታ ሒሳባዊ ውበትን መመሪያ ማድረግ ራሱ አሳስቷል አለች። በሌላ ወገን ጆሴፍ ኮንሎን ንድፈ ሐሳቡ ለሒሳብና ለሌሎች የፊዚክስ ዘርፎች ያበረከተውን እየዘረዘረ ተከላከለ። የሁለቱን ወገን አንድ አንድ መጽሐፍ ያነበበ ሰው የአንዱን ወገን አራት ካነበበው የበለጠ ያውቃል።

ማስረጃው ምን ያህል ነው?

በደጋፊዎች በኩል ከባዱ ማስረጃ የውስጥ ስምምነት ነው። ስትሮሚንገርና ቫፋ በ1996 የአንድን ዓይነት ብላክ ሆል ኢንትሮፒ (ሊይዛቸው የሚችላቸው የውስጥ ሁኔታዎች ብዛት መለኪያ) አውታሮችን በመቁጠር ሲያሰሉ፣ ሆኪንግና ቤከንስታይን በሌላ መንገድ ካገኙት ጋር በትክክል ገጠመ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ስሌቱ የሠራው ልዩ ሲሜትሪ ላላቸው ብላክ ሆሎች ነው እንጂ በሰማይ ለምናያቸው አይደለም። ማልዳሴና በ1997 በአንድ ዓይነት ጠፈር ውስጥ ያለ ስበት በጠፈሩ ዳርቻ ላይ ካለ ስበት የሌለው ሥርዓት ጋር እኩል እንደሆነ ሐሳብ አቀረበ። ይህ መሣሪያ እንደ ፈሳሽ የሚፈስሱትን የኳርኮችና የግሉኦኖች ስብስብ ለማጥናት ጠቅሟል። ሆኖም የማልዳሴና ጠፈር የእኛን፣ እየፈጠነ የሚሰፋውን ዓለም አይመስልም።

በተቃዋሚዎች በኩል ሦስት ነገር ይነሣል። አንደኛው የጉልበት ርቀት ነው፤ የሰርን ታላቁ ማፋጠኛ ቅንጣቶችን በ13.6 ቴራ ኤሌክትሮን ቮልት ያጋጫል፤ የአውታሩ ባሕርይ በግልጽ ይወጣበታል የሚባለው ጉልበት ከዚያ ሺህ ትሪሊዮን ጊዜ ያህል ሊበልጥ ይችላል። ሁለተኛው ሱፐርሲሜትሪ፣ ማለትም እያንዳንዱ የታወቀ ቅንጣት ገና ያልታየ ጥንድ አለው የሚለው ሐሳብ ነው። ማፋጠኛው ሐምሌ 2012 የሂግስን ቅንጣት አበሠረ፤ ብዙዎች አብረው የጠበቋቸው የሱፐርሲሜትሪ ቅንጣቶች ግን አልታዩም። እዚህ ላይ ልዩነት መጠበቅ ያስፈልጋል፦ ስትሪንግ ቲዎሪ ቅንጣቶቹ በዚህ ጉልበት ይታያሉ ብሎ አላስገደደም፤ ስለዚህ አለመታየታቸው ተስፋውን ይጎዳል እንጂ ንድፈ ሐሳቡን አይገድልም። ተቃዋሚው ደግሞ «መቼ ነው የሚሞተው ታዲያ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ሦስተኛው የብዛት ችግር ነው። ተጨማሪዎቹ ዳይሜንሽኖች የሚጠቀለሉበት መንገድ 1 ከ500 ዜሮ ጋር የሚጻፍ ያህል ሊሆን እንደሚችል ተገምቷል፤ እያንዳንዱም የራሱ ሕግ ያለው ዓለም ይሰጣል። ሰስኪንድ በ2005 መጽሐፉ ይህን እንደ ጥንካሬ አቀረበው፤ ሌሎች እንደ እጅ መስጠት አዩት።

ክርክሩ በመጨረሻ ሳይንስ ምንድን ነው ወደሚለው ወረደ። ፈላስፋው ሪቻርድ ዳዊድ በ2013 አማራጭ ተፈልጎ መታጣቱና ያልታሰቡ ችግሮችን መፍታቱ ራሱ እንደ ማስረጃ ሊቆጠር ይችላል ሲል ተከራከረ። የደቡብ አፍሪካው ጆርጅ ኤሊስና ጆ ሲልክ በታኅሣሥ 2014 ሙከራን መተው የሳይንስን አመኔታ እንደሚያጠፋ አስጠነቀቁ። እኔ ወደ ኤሊስ አዘነብላለሁ። ዳዊድ የሚላቸው ምልክቶች ተመራማሪውን በመንገዱ ለማበርታት ይበቃሉ፤ አንባቢን «ዓለም እንዲህ ናት» ለማለት ግን አይበቁም።

«አባቶቻችን አስቀድመው ያውቁት ነበር»

በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ ከዚህ ሁሉ የተለየ ሌላ አቋም አለ። አራቱ ባሕርያት ከአራቱ የተፈጥሮ ኃይሎች (ከስበት፣ ከኤሌክትሮማግኔታዊው፣ ከደካማውና ከጠንካራው) ጋር፣ ሰባቱ ሰማያት ከተሸሸጉት ዳይሜንሽኖች ጋር ይገናኛሉ፤ ሳይንስ ዛሬ የደረሰበትን መጻሕፍታችን ቀድመው ተናግረዋል የሚል ነው። አቋሙን የሚወልደው ፍቅር ነው፤ ያ ፍቅር ሊከበር ይገባል። መከራከሪያው ግን አይቆምም። ባሕርያቱ ነገር የሚሠራባቸው ናቸው፤ ኃይሎቹ ነገሮች እርስ በርስ የሚሳሳቡባቸውና የሚገፋፉባቸው መንገዶች ናቸው። የኃይሎቹ ቁጥር አራት የሆነው እስካሁን የተለካው ያ ስለሆነ ነው፤ ነገ አምስተኛ ቢገኝ ወይም እንደ ኤሌክትሮማግኔታዊውና እንደ ደካማው ሌሎችም ቢዋሐዱ ይለወጣል። የሃይማኖትን ትምህርት በሚለዋወጥ ቁጥር ላይ ማንጠልጠል ደግሞ ከሁሉ በፊት ትምህርቱን ይጎዳል።

ከጉባኤ ቤቱ ለዚህ ንባብ የሚጠቅመው ሌላ ነገር ነው፤ እርሱም የአንድምታ ልማድ ነው። የአንድምታ መምህር አንዱን ቃል ሲተረጉም አንዱን ፍቺ ከሌላው ለይቶ፣ «አንድም» እያለ ጎን ለጎን አቁሞ ያስተምራል፤ የትኛው ፍቺ የትኛውን ጥያቄ እንደሚመልስ ይታወቃል። ልዩነቱ ፊዚክስ ውስጥ ፍቺዎቹ ለዘላለም ተጎራብተው እንዲኖሩ አለመፈቀዱ ነው፤ ልኬት ሲመጣ አንዳንዶቹ ይወድቃሉ። ልኬቱ እስኪመጣ ድረስ ግን ፍቺን ከፍቺ ሳያደባልቁ የመያዝ ትዕግሥት ከዚያ ቤት ሊወሰድ ይችላል።

የአገራችን ፊዚክስ የት ቆሟል?

የኢትዮጵያ ፊዚክስ ወደ መሬትና ወደ ቅርቡ ሰማይ ያዘነብላል። በደርግ ዘመን ታስረው በእስር ላይ ሳሉ ፊዚክስ ያስተማሩት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ሙሉጌታ በቀለ፣ በ2012 የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበር የሳካሮቭን ሽልማት ከሰጣቸው ሁለት ሰዎች አንዱ ነበሩ፤ መስካቸው ስታቲስቲካዊ ፊዚክስ ነው። በእንጦጦ ባለ አንድ ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የምድርን የላይኛውን አየር ክፍል በራዳር የሚያጠናው ላቦራቶሪ ዋሸራ ይባላል፤ ስሙን የወሰደው ከታላቁ የጎጃም የቅኔ ቤት ነው።

ከዚህ የሚነሣ ቅሬታ አለ፦ ገና የሚሠራ ላቦራቶሪ የሌለው ተማሪ ስለ አሥር ዳይሜንሽን ማንበቡ ምን ይረባዋል? መልሱ እንደ አነባበቡ ነው። ስበት ለምን ከሌሎቹ ኃይሎች ጋር አልዋሐድ እንዳለ የገባው ተማሪ የሁለቱንም፣ የአይንስታይንን የስበት ንድፈ ሐሳብና የኳንተምን (የጥቃቅን ቅንጣቶችን ሕግ)፣ መሠረት ለመማር ምክንያት አግኝቷል። ትይዩ ዓለማት መኖራቸው ተረጋግጧል ብሎ የተነሣ ግን ተታልሏል። ለአማርኛ ጸሐፊዎች አንድ ነገር አጥብቄ እላለሁ፦ ስለ አውታሩ ከመጻፍ አስቀድሞ ስለ ስታንዳርድ ሞዴል፣ ማለትም በሙከራ ስለተረጋገጠው የቅንጣቶች ሥርዓት፣ በቅጡ ይጻፍ። አውታሩ ሊያስረዳ የሚሞክረውን የማያውቅ አንባቢ አውታሩ ቢሳካና ባይሳካ ልዩነቱን አያየውም።

ገና ያልተቋጨው

ሉፕ ኳንተም ግራቪቲ የተባለው ተፎካካሪ፣ ሮቬሊ በተነባቢ መጻሕፍት ያስተዋወቀው፣ አንድነትን አይመኝም፤ ስበትን ብቻ ከኳንተም ጋር ማስታረቅ ይፈልጋል። እርሱም ሙከራ አላለፈም። ስለዚህ «ስትሪንግ ካልሆነ ሉፕ ነው» የሚለው አቀራረብ ሁለቱም ሊሳሳቱ እንደሚችሉ ይሸፍናል።

ከሁሉ የሚሞቀው ክርክር ግን ስለ ዓለማችን መስፋት ነው። ስትሪንግ ቲዎሪ በማይለወጥ ዳርክ ኢነርጂ (መስፋቱን ያፈጥናል በሚባለው ጉልበት) የሚሰፋ ዓለምን ሊሰጥ ይችላል የሚል ግንባታ በ2003 ቀርቦ ነበር፤ ቫፋና ባልደረቦቹ በ2018 እንዲህ ያለው ዓለም በንድፈ ሐሳቡ ጨርሶ ላይፈቀድ እንደሚችል ግምት አቀረቡ። ዴዚ የተባለው የጋላክሲዎች ቅኝት በ2024ና በ2025 ባወጣቸው ውጤቶች ዳርክ ኢነርጂ በጊዜ ሂደት እየደከመ ሊሆን እንደሚችል ፍንጭ ታየ። በ2025ቱ ውጤት ፍንጩ ከየትኛው የሱፐርኖቫ መረጃ ጋር እንደተጣመረ ጥንካሬው ከ2.8 እስከ 4.2 ሲግማ (ውጤቱ በአጋጣሚ ላለመምጣቱ መለኪያ) ይደርሳል፤ ግኝት ለመባል 5 ያስፈልጋል። ፍንጩ ቢጸና የቫፋ ወገን ግምታችን ተደገፈ ይላል። ተቺዎቹ ደግሞ የሚለዋወጥ ዳርክ ኢነርጂ አውታር በሌለባቸው ንድፈ ሐሳቦችም እንደሚገኝ፣ የ2018ቱ ግምትም ከንድፈ ሐሳቡ በጥብቅ የተረጋገጠ እንዳልሆነ ያስታውሳሉ። ቁጥሩ 5 ቢሞላ እንኳ የተረጋገጠው የቱ እንደሆነ ሁለቱ ወገኖች እስካሁን አልተስማሙም።